የጓሳው ጾም

ሰው የሚጾመው ከተፈቀደለት ነገር ነው። ከተከለከለው መራቅ ሕግ ማክበር ይባላል እንጂ ጾም አይባልም። በዐቢይ ጾም ቅቤ የማይቀመሰው ርኩስ ስለ ሆነ አይደለም፤ ያው ቅቤ በፋሲካ ሌሊት በዶሮ ወጡ ላይ ይመለሳል። የሰው ሀብት ሰርቆ መብላት ግን ከፋሲካ በፊትም በኋላም ያው ኃጢአት ነው። ይህ ልዩነት ከሥሩ ከባድ ጥያቄ ይዟል። የራሴ የሆነን፣ ማንም ያልከለከለኝን፣ ብወስደው ዳኛ ፊት የማያስቀርበኝን ነገር በምን ምክንያት እተዋለሁ? መተዌስ ነፃነቴን ያጎድለዋል ወይስ ይጠብቀዋል? ጥያቄው ለገዳምና ለጉባኤ ቤት የተተወ ይመስላል፤ ነገር ግን ዛሬ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ በየቀኑ ይገጥማቸዋል። የቆሙበት መሬት የጋራ ነውና። መልሱን ደግሞ የመንዝ ደጋ ገበሬዎች አስቀድመው በሥራ ያሳዩ ይመስለኛል። ስለዚህ ስለ ኮድ ለመናገር ከሣር እጀምራለሁ።

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ አለፍ ሲሉ፣ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ጉም የማይለየው አገር ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ለመንዝ ሰው የቤቱ ክዳን ነው፤ ገመዱም ከእሱ ይገመዳል፣ እረኛው በዝናብ የሚደርበው ጌሳም ከእሱ ይሠራል፣ ለበዓል መሬት ላይ የሚጎዘጎዘውም እሱ ነው። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ የከብቱና የበጉ ነፍስ ማቆያ ይሆናል። ቀይ ቀበሮው፣ ጭላዳው፣ ጅብራው አብረውት ይኖራሉ። እንዲህ ያለ ሜዳ በኢትዮጵያ ደጋዎች ላይ ብዙ ነበር፤ አብዛኛው ታርሶ ወይም ተግጦ አልቋል። ጓሳ ግን ዛሬም አለ። ለምን ተረፈ ለሚለው ጥያቄ የአካባቢው ሰውም ያጠኑት ምሁራንም የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ ቄሮ የተባለው ጥንታዊ ሥርዓት። (ስሙን በቅርብ ዓመታት ከተሰማው የፖለቲካ ቃል ጋር ማምታታት አይገባም።)

ቄሮ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ነበረ ይነገራል። ሜዳው አስቦና ጌራ በተባሉ ቀደምት አባቶች ስም ተከፍሎ፣ ከእነሱ የሚወለዱ ባለ ርስቶች በየድርሻቸው ይጠቀሙበት ነበር። ተጠቃሚዎቹ አለቃ ይመርጣሉ፤ በአለቃው አዋጅ ሜዳው ይዘጋል፤ ሲዘጋም ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ማጨድም ማሰማራትም የለም። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ከብት ይገባበታል፣ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል። ጠባቂ ነበረው፤ ቅጣቱም የዋዛ አልነበረም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ልብ መባል ያለበት የሚከለከለው ማን እንደ ሆነ ነው። የሚከለከለው ባዕድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ አጥር ይባል ነበር። በቄሮ ግን ባለ ርስቱ የራሱን ሣር ራሱን ይከለክላል፤ ሣሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በጊዜው ሊበላው ነው። ይህ ከአጥር ይልቅ ጾምን ይመስላል። ከጾምም የፈቃድ ጾምን ሳይሆን የዐዋጅ ጾምን ነው የሚመስለው። አንድ ገበሬ ብቻውን ለሕሊናው ብሎ ከብቱን ቢያስቀር የእሱን ድርሻ የጎረቤቱ በሬ ይበላዋል፤ ሜዳው አይተርፍም፣ እሱም ይከስራል። ሁሉም በአንድ ቀን ሲያቆሙ ግን የአንዱ መታቀብ ለሌላው ማትረፊያ አይሆንም። በሁሉም ላይ በእኩል የሚወድቅ ቀን መኖሩ መታቀብን ከሞኝነት ያድነዋል።

አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ምሁር ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ታዋቂ ጽሑፉ የጋራ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ብሎ ነበር። እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት ሲጨምር ትርፉ የራሱ፣ ጉዳቱ የሁሉም ስለሚሆን፣ ሁሉም ሲጨምሩ ሜዳው ያልቃል ማለቱ ነው። መዳኛው ወይ የግል ይዞታ ወይ የመንግሥት እጅ ነው ተብሎ ለብዙ ዓመት ተነገረ። አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ የስዊዘርላንድን የተራራ ግጦሽ፣ የጃፓንን የመንደር ደን፣ የስፔንን የመስኖ ማኅበራት አንድ በአንድ መርምራ፣ ሰዎች ራሳቸው ሕግ አውጥተው የጋራ ሀብትን ለብዙ መቶ ዓመታት እንደሚያቆዩ አሳየች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ተካፈለች። በክርክሩ ኦስትሮም እንዳሸነፈች አምናለሁ። ነገር ግን ሕጉ እንዴት ይወጣል የሚለው ከተመለሰ በኋላም አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ጠባቂው በተኛበት ሌሊት ገበሬውን ማጭዱን ያስቀመጠው ምንድን ነው? እኔ የምገምተው የጾም ልማድ ነው። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የተፈቀደለትን ምግብ መተው የለመደ ሕዝብ የተፈቀደለትን ሣር መተው እንግዳ አይሆንበትም። ይህን በቁጥር ማረጋገጥ አይቻልም። ስዊዞቹም ጃፓኖቹም የእኛን አጽዋማት ሳይጾሙ ሜዳቸውንና ደናቸውን እንደ ጠበቁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መንገዱ ይህ ብቻ ነው አልልም። የምለው፣ የትም ይሁን የት፣ የጋራ ሀብት የሚቆየው የተፈቀደን ነገር መተው ክብር እንጂ ኪሳራ ተደርጎ በማይታይበት ሕዝብ መካከል ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሜዳ እንምጣ። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የሞባይል መተግበሪያ የሚሠራ ወጣት በእጁ የሚጽፈው ጥቂት ሺህ መስመር ኮድ ነው። ከሥሩ ያለው በሚሊዮን የሚቆጠረው መስመር፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ የፕሮግራም ቋንቋው፣ ምስጢር መቆለፊያው፣ ላይብረሪ የሚባለው ልዩ ልዩ ዝግጁ ኮድ፣ አብዛኛው ሌሎች ሰዎች ጽፈው ለሁሉም የለቀቁት ኦፕን ሶርስ ነው። በአንዲት ትእዛዝ ያወርደዋል፤ ማንም አይጠይቀውም፣ ፈቃዱ በጽሑፍ ተሰጥቶታል። ይህ ሜዳ በአጋጣሚ የበቀለ አይደለም። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ጂኤንዩ የተባለውን የነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥራ ይፋ ሲያደርግ፣ ሶፍትዌር ሊነበብ፣ ሊሻሻል፣ ሊጋራ ይገባል የሚል የሥነ ምግባር አቋም ይዞ ነበር። የጋራ ያልሆነ መሣሪያ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ጊት የተባለው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ታሪክ ያሳያል። ሊኑክስ የተባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጸሐፊዎች የኮዳቸውን ለውጥ ለመያዝ ቢትኪፐር የተባለ የአንድ ኩባንያ መሣሪያ በነፃ ይጠቀሙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ኩባንያው ነፃ ፈቃዱን ሲያነሣ ሥራው ሊቆም ደረሰ። የሊኑክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ጊትን መጻፍ ጀመረ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያለ አብዛኛው ፕሮግራመር የሚጠቀምበት መሣሪያ ሆኗል። በሰው ርስት ላይ የሚሰማራ ከብት ባለቤቱ ቅር ባለው ቀን ይባረራል።

ከሊኑክስ አሠራር ግን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ጊት አይደለም፤ የአከፋፈቱና የአዘጋጉ ሥርዓት ነው። አንድ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) እትም እንደ ወጣ ለአዲስ ኮድ በሩ ይከፈታል፤ የሚከፈተው ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ ይዘጋል። ቀጥሎ ባሉት ሰባት ወይም ስምንት ሳምንታት፣ የቱንም ያህል ጠቃሚ ቢሆን፣ አዲስ ነገር አይገባም፤ ስሕተት ማረም ብቻ ይፈቀዳል። የዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች መሐንዲሶችም፣ በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ ተማሪም እኩል ይጠብቃሉ። በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ሲስተም የሚያሰናዳው የደቢያን ማኅበር ደግሞ አዲስ እትም ከማውጣቱ በፊት ለወራት ለአዲስ ለውጥ ይዘጋል። ልብ በሉ፣ የሚከለከለው ኮድ መጥፎ ኮድ አይደለም፤ መልካም ሆኖም ጊዜው ያልደረሰ ነው። ይህ እንግዲህ ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ ቄሮ ነው፤ አጭር መክፈቻ፣ ረጅም መዝጊያ፣ ለሁሉም አንድ ቀን። ሁለቱ ማኅበረሰቦች ስለ መኖራቸው እንኳ ሳይተዋወቁ ወደ አንድ ሥርዓት መምጣታቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። የጋራ ነገር ራሱ ይህን ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ብርቱ መቃወሚያ ይነሣል። ሣር ሲታጨድ ያልቃል፤ ኮድ ግን ሚሊዮን ሰው ቢቀዳው ያው ኮድ ነው። የማያልቅን ነገር መጾም ምን ይረባል? ይህ እውነት ያለው ክርክር ነው፤ ሃርዲንም ኦስትሮምም በዋነኛነት የጻፉት ስለሚያልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን በኮድ ሜዳ ላይ የሚበቅለው ምን እንደ ሆነ በደንብ አልታየም። ኮዱ የታጨደው ክምር ነው እንጂ ሣሩ አይደለም። ሣሩ ኮዱን እያነበበ የሚያርመው የጠባቂው ጊዜና ትኩረት ነው፤ እሱ ደግሞ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ይፋ የሆነው ሃርትብሊድ የተባለው ስሕተት ይህን ለዓለም አሳይቷል። ኦፕን ኤስኤስኤል የባንኮችን፣ የሆስፒታሎችን፣ የመንግሥታትን ምስጢር በድረ ገጽ ላይ የሚቆልፍ ላይብረሪ ነው። ስሕተቱ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በውስጡ ተቀምጦ ሁለት ዓመት ሙሉ አልታየም፤ በግምት ግማሽ ሚሊዮን ሰርቨሮችን አጋልጦ ነበር። ያን ላይብረሪ ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚሠራበት አንድ ሰው ሲሆን፣ በዓመት የሚያገኘው መዋጮም 2,000 ዶላር ያህል እንደ ነበር ያን ጊዜ ታወቀ። ኮዱ አላለቀም ነበር፤ በየማሽኑ ሞልቶ ተርፎ ነበር። ያለቀው የሚያነበው ዓይን ነው።

እንዲህ ካየነው የተጠቃሚው ብዛት ራሱ ግጦሽ ነው። እያንዳንዱ «ይህ አይሠራልኝም» የሚል ደብዳቤ፣ እያንዳንዱ «ይህንም ጨምሩበት» የሚል ጥያቄ ከጠባቂው ቀን ላይ የሚነሣ ጭብጥ ሣር ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሎግ ፎር ጄ የተባለው ላይብረሪ አደገኛ ክፍተት እንዳለበት ይፋ በሆነ ጊዜ፣ በብዙ የዓለም ትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ የተቀመጠውን ያን ኮድ ለማረም የተጣደፉት በፈቃዳቸው የሚሠሩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። በኮድ ሜዳ ከዐዋጅ ጾም ጎን ለጎን የፈቃድ ጾምም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ሌፍት ፓድ የምትባል 11 መስመር ብቻ ያላት ላይብረሪ ደራሲዋ ባነሣት ጊዜ፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሥራዎች ቆሙ። ከቃል በስተ ግራ ባዶ ቦታ የምትጨምር ፕሮግራም ነበረች፤ ማንም በሩብ ሰዓት ሊጽፋት ይችል ነበር። ማውረድ ስለ ተፈቀደና ስለ ቀለለ ብቻ ወረደች። አንድ ፕሮግራመር ላይብረሪ ከመጨመሩ በፊት «ያስፈልገኛል ወይ? ማንስ ነው የሚጠብቀው?» ብሎ መጠየቁና አንዳንዴም መተዉ የመሣሪያ ብልኀት ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ከሥነ ምግባር እቆጥረዋለሁ፤ ሳያውቁት የሌላ ሰው ጊዜ ላይ አለመሰማራት ነውና።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከመሐንዲሶች ይመጣል። ሕሊናና ጾም ምን ያደርጋሉ፣ መሣሪያው ራሱ ይጠብቅ ይላሉ። ዋናውን የኮድ ቅርንጫፍ መቆለፍ፣ ሁለት ሰው ሳያየው ኮድ እንዳይገባ ማድረግ፣ ፈተናውን ያላለፈውን በራሱ የሚመልስ ማሽን ማቆም ይቻላል። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ ቄሮም ጠባቂና ቅጣት ነበረው። ነገር ግን አጥር የሚያቆመው በበሩ የሚመጣውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተገኘውን የኤክስ ዜድን ነገር እንይ። ኤክስ ዜድ ፋይል የሚያጭቅ ትንሽ ላይብረሪ ሲሆን ጠባቂው አንድ የደከመ ሰው ነበር። ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ አንድ ተባባሪ ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት እየረዳ አመኔታ አተረፈ፤ ሌሎች ስሞች ደግሞ ዋናውን ጠባቂ ቀርፋፋ እያሉ ሥልጣኑን እንዲያካፍል ገፋፉት። ሥልጣኑን ካገኘ በኋላ ተባባሪው መርዙን በመፈተኛ ፋይሎች ውስጥ ደብቆ፣ ማንቂያውን ደግሞ ሰው በሚያነበው ኮድ ሳይሆን ለሥርጭት በሚታሸገው ጥቅል ውስጥ አስገባ። ፈተናዎቹ አላስቆሙትም። አጥሩ አልተሰበረም፤ ቁልፉ ተሰጠ። በመጋቢት ወር መጨረሻ ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። ከሌላ ማሽን ጋር መገናኘት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ፣ ለምን ዘገየ ብሎ እስከ ሥሩ በመመርመሩ ነው። ያን ምርመራ ማንም አላዘዘውም።

ከዚህ የምወስደው ፍርድ ይህ ነው። መሣሪያ የቸልተኛን እጅ ይይዛል፤ የድካምንና የክፋትን ልብ ግን አያይም። የኤክስ ዜድ ጠባቂ ቢያርፍ ኖሮ፣ ማለትም ተጠቃሚው ሕዝብ ለጥቂት ጊዜ መጠየቅን ቢጾምለትና ሌሎች ታማኞች ሸክሙን ቢያግዙት ኖሮ፣ ያ ሰው የሚገባበት ስንጥቅ ይጠብ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጾም ብቻውን አይቆምም፤ ከጸሎትና ከምጽዋት ጋር ነው የሚቆመው። የተጾመው ምሳ ለራስ ከተቀመጠ ቁጠባ ነው፤ ለተራበ ሲሰጥ ነው ጾም የሚሆነው። እዚህም እንዲሁ ነው። ሜዳው ሲዘጋ የቀረው ሣር ይበቅላል፤ የሊኑክስ በር ሲዘጋ የተረፈው ትኩረት ወደ እርማት ይሄዳል። ነፃ ኮድ ተጠቅሞ ዓመታዊ ወጪውን የቀነሰ ድርጅት ግን ያተረፈውን የት እንደሚያደርሰው መጠየቅ አለበት። ከዚያ ትርፍ ለጠባቂው ምንም ካልደረሰ ሜዳው ለአንዱ ብቻ ተከፍቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከፍትሕ ወገን ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝም ይኸው ነው። ቄሮ የርስት ልጅ ለሆነ ነው የሠራው። ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተወለደ ሰው ሣሩን ከሩቅ ያይ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ለብዙ ሰው የዘመናት በደል ማብቂያ ነበር፤ ያን ማቃለል አይቻልም። ቄሮም ከርስቱ ጋር ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ለሁሉም ሆነ፤ ለሁሉም ሲሆን ጠባቂ አጣ፤ መጋጥና መታረስ ተጀመረ። ከዚህ የሚማሩት ትምህርት በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ስሕተቱ ለብዙዎች መክፈቱ አይደለም። ስሕተቱ መብቱ ሲተላለፍ ጥበቃው አብሮ አለመተላለፉ ነው። ማን ይካፈላል የሚለውና ማን ይጠብቃል የሚለው ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ የድሮው ሥርዓት ሁለቱንም በደም መለሳቸው፣ አዋጁ የመጀመሪያውን መልሶ ሁለተኛውን ዘነጋው። በመጀመሪያው ጥያቄ የነፃ ሶፍትዌር ሥርዓት ከመንዝ ርስት የተሻለ ነው፤ ዘር አይጠይቅም። በሁለተኛው ግን በ1967 ዓ.ም. ጓሳ የገባበት ጉድጓድ ውስጥ ዛሬም አለ። የጓሳ ሰዎች ጉድጓዱን አይተው ወጡ፤ በኋላ ዘመን የዙሪያው ቀበሌዎች በዕድር መልክ ተደራጅተው፣ ዘር ሳይቆጥሩ፣ ሜዳውን መልሰው መዝጋትና መክፈት ጀመሩ፤ የክልሉ መንግሥትም በደንብ ዕውቅና ሰጥቶት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። ጾሙን ከርስቱ ለይተው አስቀሩት።

የመጨረሻው መቃወሚያ የችግር ነው። መብራት በሚጠፋበት፣ ኢንተርኔት በሚወደድበት አገር ያለ ወጣት ሥራ ለማግኘት ይሮጣል እንጂ ለዓለም ነፃ ኮድ ሊጠብቅ እንዴት ይጠየቃል? ያልበላ ሰው ጹም አይባልም። እውነት ነው፤ በሽተኛና ሕፃን በዐዋጅ ጾምም አይገደዱም። ነገር ግን ጓሳ የሀብታም ሜዳ አልነበረም። ተዘግቶ የቆየው ሣር በድርቅ ዓመት ቀድሞ የሚያስፈልገው ሌላ መሬት ለሌለው ነው፤ ሀብታሙ ከብቱን ወደ ሌላ ይነዳል፣ ድኃው ይዞ ይቀራል። በኮድም እንዲሁ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ኮምፒውተር ላይ የሚተነፍሱት በጋራ ሜዳ ነው። የዓለም ፊደላትን በአንድ የጋራ ቁጥር ከሚሰይመው ዩኒኮድ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪ ፊደሉን በራሱ ቁጥር ይሰይም ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ሁሉም የየራሱን ቁራሽ አጥሮ ሜዳ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ሁኔታ የወጣነው አገር ውስጥና ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ከሌሎች ጋር ተከራክረው፣ የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ዛሬ በስልክ አማርኛ የሚጽፍ ሁሉ የዚያን ድካም ሣር ያጭዳል።

ሥራው ግን አላለቀም፤ ሌላ አገር ሰው የማይሠራልን ሥራም ብዙ ነው። 13 ወር ያለውን ዘመን አቆጣጠራችንን በትክክል የሚያሰላ፣ ሰዓትን ከንጋት የሚቆጥር፣ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበን ሰው «ሀይሉ» ብሎ የሚፈልግ ጸሐፊ እንዲያገኘው የሚያደርግ ኮድ ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ያስፈልጋል። በየመሥሪያ ቤቱ ይህን እንደገና ከዜሮ የሚጽፍ አለ፤ ጽፎም ይቆልፈዋል፤ የስሕተቱም ዓይነት እንደ መሥሪያ ቤቱ ይለያያል። አንዱ በጋራ ተጽፎ፣ በጋራ ተነብቦ፣ በጋራ ቢጠበቅ የሚጠፋው ጊዜ ለሌላ ይተርፍ ነበር። ድኃ አገር አንድን ነገር ሃያ ጊዜ ለመጻፍ አቅም የለውም።

መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮድ ለማስተማር የታቀደውን ሥራ ይፋ አድርጓል። መልካም ነው። አምስት ሚሊዮን ማጭድ ወደ ሜዳው እየመጣ ነው ማለት ነውና፣ ማጨድ ብቻ የተማረ እጅ ይዞ እንዳይመጣ የሚያስተምሩ ሰዎች ሊያስቡበት ይገባል። ለዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፣ ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከሁሉም አስቀድሜ፣ ጓሳ የሚገኝበት ዞን ልጅ ነውና። የኮምፒውተር ተማሪዎች በመጨረሻው ዓመታቸው ለመመረቂያ አዲስ ሲስተም ይሠራሉ፤ ብዙውን ከምረቃ በኋላ ማንም አይከፍተውም። ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ የመጣ ተማሪ ለአንድ ሴሚስተር አዲስ ነገር መጻፍን ይጹም። በምትኩ ሁላችንም ከምንጠቀምበት የጋራ ኮድ አንዱን መርጦ ያንብብ፣ ስሕተቱን ያርም፣ መመሪያውን በአማርኛ ይጻፍ፣ የደከመውን ጠባቂ ይርዳ፤ መመረቂያውም ይህ ሆኖ ይቆጠርለት። ፈቃድ የሚጠይቅ አይደለም፤ የመምህራን ጉባኤ ውሳኔ ይበቃዋል። በሚቀጥለው ዓመት ይጀመር።